ውጤት እያለ በወረቀት ላለመቅረት፦ ከሰሜን ሸዋ ተነስቶ ውጭ አገር ለመማርና ለመሥራት ዝርዝር መመሪያ

በየዓመቱ ያው ነው። ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከዓለም ከተማ ጥሩ ነጥብ ያላቸው ልጆች ያመለክታሉ። ብዙዎቹ የሚቀሩት ታዲያ በነጥብ አይደለም። ስማቸው ሁለት ዓይነት ሆኖ ይገኛል፣ ትራንስክሪፕቱ ሳይደርስ ይቀራል፣ መምህሩ ደብዳቤውን ሳይልክ ቀኑ ያልፋል።

ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሰው ሁሉ የሚጀምረው ፎርም ከመሙላት ነው። እዚህ ግን ፎርም መሙላት ስምንተኛው ደረጃ ነው። ከማመልከቻው መዝጊያ በፊት ቢያንስ ስድስት ወር ይኑራችሁ። ከዚያ ያነሰ ጊዜ ካላችሁ የዘንድሮውን ተዉትና ለሚቀጥለው ዓመት ተዘጋጁ።

ደረጃ 1፦ ከምርቃት በኋላ የት እንደምትሠሩ ወስኑ

ገና ሳይገቡ ስለ መውጣት ማሰብ እንግዳ ይመስላል። ስኮላርሺፑን የሚመርጥላችሁ ግን ይሄ ነው።

የእንግሊዝ መንግሥት ቼቭኒንግ ስትጨርሱ አገራችሁ ተመልሳችሁ ሁለት ዓመት እንድትቆዩ ያስገድዳል። የአሜሪካው ፉልብራይትም የሚያስገባችሁ በጄ-1 (የልውውጥ ፕሮግራም) ቪዛ ነው፤ እሱም የሁለት ዓመት የመመለስ ግዴታ አለበት። የአውሮፓው ኢራስመስ ሙንዱስ በወር 1,400 ዩሮ እየከፈለ ያስተምራል፤ እንዲህ ያለ ግዴታ የለውም።

ተመልሳችሁ እዚህ መሥራት ከፈለጋችሁ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግሩም ናቸው። እዚያው ሥራ ይዤ እቀራለሁ የሚል ሰው ግን ውሉን ሳያነብ ፈርሞ ኋላ ጠበቃ ፍለጋ ባይሮጥ ይሻላል። የእያንዳንዱን ስኮላርሺፕ የግዴታ አንቀጽ ከጥቅሙ በፊት አንብቡ።

ደረጃ 2፦ ስማችሁንና የልደት ቀናችሁን አንድ አድርጉ

እዚህ ቀስ በሉ። ከሁሉም በላይ ሰው የሚያደናቅፈው ይሄ ነው።

ያላችሁን ወረቀት በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ፦ የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ጊዜያዊ ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ካለ ፓስፖርት። የእንግሊዝኛውን ስም በጣት እየተከተላችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ።

1. የፊደል ልዩነት። ታደሰ አንድ ቦታ በአንድ ኤስ፣ ሌላ ቦታ በሁለት ኤስ ይጻፋል። ፀሐይ አንዱ ላይ በዋይ ሌላው ላይ በአይ ያልቃል።

2. መጣበቅና መለያየት። ገብረሥላሴ፣ ወልደማርያም፣ ኃይለሚካኤል። የኛ አካባቢ ስም በዚህ የተሞላ ነው። ዲግሪው ላይ አንድ ቃል ፓስፖርቱ ላይ ሁለት ቃል ከሆነ የዩኒቨርሲቲው ሲስተም ሁለት ሰው ነው የሚያየው።

3. አያት። የውጭ ፎርም የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፓስፖርታችሁ ላይ በዚያ መስመር የተጻፈውን እንዳለ ገልብጡ። አንዱ ፎርም ላይ የአባት ሌላው ላይ የአያት ስም ካስገባችሁ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤታችሁ ከማመልከቻችሁ ጋር አይገናኝም።

4. ቀን። ሚያዝያ 12 ቀን 1993 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በፈረንጅ ኤፕሪል 20 ቀን 2001 ነው ልደቷ። እሷ ግን ለምዶባት 12/8/1993 ብላ ትሞላለች። ጀርመን ያለው ሠራተኛ ይህን ኦገስት 12 ቀን 1993 ብሎ ያነበዋል። ልጅቷ በአንድ መስመር ስምንት ዓመት ገደማ አረጀች። የዕድሜ ገደብ ያለው ስኮላርሺፕ ከሆነ እዚያው ላይ አበቃ።

ለመቀየር፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው ቀን ዓመቱ ላይ 7 ደምሩ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ደምሩ። ወሩንና ቀኑን በመቀየሪያ አስሉ፤ በጭንቅላት አትሞክሩ። የምረቃ ዓመትም እንዲሁ ነው።

ፓስፖርት ገና ካላወጣችሁ ዕድለኞች ናችሁ። መጀመሪያ የልደት ሰርተፊኬታችሁ ከትምህርት ማስረጃችሁ ጋር አንድ እንዲሆን አድርጉ፣ ከዚያ ፋይዳ፣ ከዚያ ፓስፖርት። ትምህርት ማስረጃ ማስቀየር ከሁሉም ይከብዳልና ሌሎቹ እሱን ይከተሉ።

ከተበላሸስ? ፓስፖርቱ ወጥቶ ልዩነቱ ከተገኘ ሁለት መንገድ አለ። ስህተቱ የጽሕፈት ከሆነ ወረቀቱን ያወጣው መሥሪያ ቤት በማመልከቻ እንዲያርም ጠይቁ። ካልሆነ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ የፍርድ ቤት ውሳኔ አውጡ፤ አስተርጉሙት፤ ከእያንዳንዱ ማመልከቻ ጋር አያይዙት። በዝምታ ማለፍ ግን አይሞከርም። ማመልከቻውን የሚመረምረው ሰው ልዩነቱን ራሱ ካገኘው የሰው ወረቀት ነው ብሎ ይጠረጥራል።

ደረጃ 3፦ የዩኒቨርሲቲ ወረቀት አውጡ

መንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛ የተማረ ሰው ወጪ መጋራት አለበት። ይህ እስኪዘጋ ድረስ ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ይያዛል። ስለዚህ፦

1. ሬጅስትራር ሄዳችሁ ያለባችሁን ጠቅላላ ዕዳ በጽሑፍ ጠይቁ።

2. ከፍላችሁ የማጠናቀቂያ ማስረጃ ያዙ። በደመወዝ እየተቆረጠ የነበረ ከሆነ ከመሥሪያ ቤታችሁ የተቆረጠውን የሚያሳይ ደብዳቤ አምጡ። ያለ እሱ ከዜሮ ሊቆጠርባችሁ ይችላል።

3. ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ስትጠይቁ ቢያንስ ሦስት የታሸገ አስወጡ። ለስካን የሚሆን ያልታሸገ ኮፒ ለብቻው ጠይቁ።

4. ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጽ ደብዳቤ በዚያው ጉዞ አስጽፉ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በእንግሊዝኛ ፈተና ፋንታ ይቀበሉታል።

ማስጠንቀቂያ፦ የታሸገውን ፖስታ አትክፈቱ። ማኅተሙ ያረፈው መክደኛው ላይ ነው፤ ግማሹ መክደኛው ላይ ግማሹ ፖስታው ላይ። አንዴ ከተቀደደ ግማሹና ግማሹ አይገጥምም። ስካን አድርጌ መልሼ በሙጫ እለጥፋለሁ ያለ ሰው አዲስ ፖስታ ፍለጋ ይመለሳል። ስካን ስታደርጉ ደግሞ ጀርባውንም አንሱ። የነጥብ አሰጣጡ ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ነው ያለው፤ እሱ ከሌለ ቢ ስንት እንደሆነ ማንም አያውቅላችሁም።

ቀጥሎ ማረጋገጥ ነው። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ አይጠይቅም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁ። ከተጠየቃችሁ የተለመደው አካሄድ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ የአገሩ ኤምባሲ ነው። የአማርኛ ወረቀቶች፣ ለምሳሌ የልደት ሰርተፊኬት፣ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ተተርጉመው በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ማለፍ አለባቸው።

ይህ ሁሉ አዲስ አበባ ነው። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ቅርብ ነው ብላችሁ በየሳምንቱ አትመላለሱ። ሁሉንም ሰብስባችሁ አንዴ ሂዱ፤ ከመሐል ሜዳ የምትነሱ ደግሞ አዲስ አበባ የምታድሩበትን አስቡ። መንገድ ሊዘጋ እንደሚችል እናንተም ታውቃላችሁ። መዝጊያው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለመሄድ ያቀደ ሰው ዕቅድ የለውም።

ደረጃ 4፦ የእንግሊዝኛ ፈተና

የትምህርት ቋንቋ ደብዳቤው የሚያልፍ ከሆነ ገንዘባችሁን አታውጡ። ካላለፈ፦ አይኤልትስና ቶፍል አዲስ አበባ ሄዳችሁ ትፈተናላችሁ። ዱኦሊንጎ በርካሽ እቤት ይሠራል፤ የመረጣችሁት ዩኒቨርሲቲ መቀበሉን ግን አስቀድማችሁ አጣሩ። የሦስቱም ውጤት ሁለት ዓመት ያገለግላል።

ዱኦሊንጎ ከሆነ ክፍሉ ውስጥ ብቻችሁን መሆን አለባችሁ። እናታችሁ ቡና ደረሰ ብለው በሩን ከከፈቱ ፈተናው ሊሰረዝ ይችላል። ለቤተሰብ ሁሉ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ላፕቶፑ ባትሪው ሙሉ ይሁን። ኔትወርክ ቀለል የሚለው ማለዳ ነው፤ ያኔ ሥሩት።

ደረጃ 5፦ የመዝጊያ ቀኖችን በኛ ካላንደር ጻፉ

በፈረንጅ የተጻፈ ቀን ሩቅ ይመስላል። ግድግዳችሁ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፉት።

ቼቭኒንግ በነሐሴ ይከፈታል፤ በመስከረም መጨረሻ አካባቢ ይዘጋል። የሁለት ዓመት ወይም 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይፈልጋል። ኢራስመስ ሙንዱስ በየፕሮግራሙ ይለያያል፤ አብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም ብዙ ጊዜ የሚዘጋው በጥር መጀመሪያ ነው። ይህ ቀን ገናና ጥምቀት መካከል ይወድቃል። ያኔ ማኅተም የሚይዘው ሰውዬ አገር ቤት ነው። ማኅተም የሚፈልግ ነገር ሁሉ ከገና በፊት ይለቅ። ይሄ ስኮላርሺፕ በድረ ገጹ ማመልከት ብቻ አይበቃውም፤ ከኛ በኩል ያለው ላኪ መሥሪያ ቤትም ዕጩ አድርጎ ሊልካችሁ ይገባል። አንዱን ብቻ የጨረሰ ሰው አላመለከተም።

የቱርኩ ቱርኪዬ ቡርስላሪ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ከ21፣ ለማስተርስ ከ30፣ ለዶክትሬት ከ35 ዓመት በታች መሆን አለባችሁ። የጀርመኑ ዳድ የልማት ነክ ፕሮግራሞች ቢያንስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ፤ ዲግሪውም ከስድስት ዓመት በላይ መቆየት የለበትም። ቀናቸው በየዩኒቨርሲቲው ይለያያል።

ለጀርመን የምታመለክቱ ነጥባችሁን ቀይሩ። እዚያ ትንሹ ቁጥር ነው ትልቁ ውጤት። ከ4 ላይ ነጥባችሁን ቀንሱ፣ ለ2 አካፍሉ፣ በ3 አባዙ፣ 1 ደምሩ። 3.0 ያለው ሰው 2.5 ይሆናል፤ 3.2 ያለው 2.2። ብዙ የማስተርስ ፕሮግራሞች 2.5ን እንደ መቁረጫ ያስቀምጣሉ። ከ3.0 በታች ከሆናችሁ መቁረጫ የሌለውን ፈልጉ እንጂ የማመልከቻ ክፍያ አትበትኑ። በዩኒ-አሲስት (ለብዙ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ማመልከቻ በሚመረምረው ድርጅት) በኩል የሚያልፍ ማመልከቻ ለመጀመሪያው 75፣ ለተጨማሪው በያንዳንዱ 30 ዩሮ ያስከፍላል።

ስለ ደላላ አንድ ነገር

ከላይ የጠቀስኳቸው ስኮላርሺፖች ለማመልከት ገንዘብ አይጠይቁም። ሙሉ ስኮላርሺፕ አስጨርሳለሁ፣ ቅድሚያ ክፈሉ የሚላችሁ ሰው የሚሸጠው እናንተ ራሳችሁ በነፃ የምትሞሉትን ፎርም ነው። የባሰው ደግሞ የተጭበረበረ የመቀበያ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ ሲደርሳችሁ የላኪውን ኢሜይል አድራሻ እዩ፤ ከዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ወዳገኛችሁት የመግቢያ ቢሮ ራሳችሁ ጽፋችሁ ጠይቁ። ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ አትደውሉ። የሚያነሳው ያው ሰውዬ ነው።

ደረጃ 6፦ የድጋፍ ደብዳቤ

ሁለት መምህር ሳይሆን ሦስት ያዙ። አንዱ አይመልስም።

ጥያቄውን ከመዝጊያው ሁለት ወር በፊት አቅርቡ፣ በአካልም ሂዱ። መምህሩ ብዙ ተማሪ አስተምሯል፤ ፊታችሁን ቢያስታውስ እንኳ ምን እንደሠራችሁ ላያስታውስ ይችላል። ስለዚህ አንድ ገጽ ሰጥታችሁት ኑ። እዚያ ላይ ይኑር፦ የወሰዳችሁት ኮርስና ያገኛችሁት ነጥብ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርዕስ፣ የምታመለክቱበት ፕሮግራም፣ መዝጊያ ቀኑ፣ ደብዳቤው በሊንክ ወይስ በፒዲኤፍ እንደሚላክ።

በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል እንዲልክ ለምኑት። ጂሜይል የሚቀበሉ አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ጥርጣሬ ያድርባቸዋል። የተቋም ኢሜይሉ የማይሠራ ከሆነ በተቋሙ አርማና ማኅተም የተጻፈ ደብዳቤ ያያይዝ።

ማስጠንቀቂያ፦ አንተ ጻፈውና እኔ ልፈርም የሚል መምህር አለ። ሦስቱንም ደብዳቤ አንድ እጅ ከጻፈው ያስታውቃል። ያው ቃል፣ ያው አረፍተ ነገር፣ ያው ስህተት። እንዲህ ከተባላችሁ ነጥቦቹን ዘርዝራችሁ ስጡት፣ አጻጻፉን ለሱ ተዉት። በመምህር ስም ኢሜይል ከፍቶ መላክማ ወንጀል ነው። ዩኒቨርሲቲው አንዴ ከደረሰበት ዳግም አትገቡም።

ከተበላሸስ? መዝጊያው ሦስት ቀን ሲቀረው መምህሩ ካልላከ ስልክ ደውሉ፤ ቴሌግራም ላይ ሊንኩን መልሳችሁ ላኩ። አሁንም ካልሆነ ሦስተኛውን መምህር አስገቡ። ለዚህ ነው ሦስት ያልኳችሁ።

ደረጃ 7፦ ሞቲቬሽን ሌተር (ለምን መማር እንደምትፈልጉ የምታስረዱበት ደብዳቤ)

ከልጅነቴ ጀምሮ ህልሜ ነበር ብላችሁ አትጀምሩ። ሁሉም እንዲያ ነው የሚጀምረው። ያያችሁትን ችግር ጻፉ። እኛ ጋ ደግሞ ችግር አልጠፋም።

እርሻ ተምራችሁ ከሆነ የደብረ ብርሃን ዙሪያን ገብስ ውርጭ ሲመታው አይታችኋል። እንስሳት እርባታ ከሆነ የመንዝ በግ አለላችሁ፤ ገበሬው ራሱ እየመረጠ የሚያራባበትን አሠራር ተመራማሪዎች ከመንዝ ገበሬዎች ጋር ሠርተውበታል። አካባቢ ጥበቃ ከሆነ ጓሳ አለ፤ ሕዝቡ በራሱ ሥርዓት ያቆየው ሣር። ምሕንድስና ከሆነ ኢንዱስትሪ ፓርኩና ፋብሪካዎቹ አፍንጫችሁ ሥር ናቸው።

አጻጻፉ እንዲህ ይሁን፦ በመጀመሪያው አንቀጽ አንድ ያያችሁት ነገር ከቦታው ጋር። በሁለተኛው ስለሱ የተማራችሁትና የሠራችሁት። በሦስተኛው የጎደላችሁ እውቀት፤ ያንን የሚሰጠው የትኛው ኮርስ እንደሆነ በስሙ። በመጨረሻ ከዚያ በኋላ የምትሠሩት። ከኮርሱ ዝርዝር አንድም ስም ካልጠቀሳችሁ ደብዳቤው ለማንም ዩኒቨርሲቲ ይሆናል ማለት ነው፤ ለማንም የሚሆን ደግሞ ለማንም አይሆንም።

ደረጃ 8፦ አሁን ፎርሙን ሙሉ

በመጨረሻው ቀን አትላኩ። መዝጊያ ሰዓቱ በማን ሰዓት እንደሆነ እዩ፤ የኛ ስድስት ሰዓት ሌሊት የነሱ አይደለም። መብራትም ኢንተርኔትም ሊጠፋ ስለሚችል ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ጨርሱ። መልሶቻችሁን መጀመሪያ በዎርድ ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ገጹ ቢዘጋ ኮፒ ታደርጋላችሁ። ፋይሎቹ በፍላሽም በኢሜይልም ይኑሩ። ከላካችሁ በኋላ የማረጋገጫ ኢሜይል ካልደረሳችሁ አልተላከም ብላችሁ ቁጠሩት።

የማመልከቻ ክፍያ ያለበት ከሆነ የብር ካርድ አያስከፍልም። የውጭ ምንዛሪ ካርድ ባንካችሁን ጠይቁ፤ ወይም ለመግቢያ ቢሮው ክፍያ እንዲነሳላችሁ አጭር ደብዳቤ ጻፉ። ማፈር አያስፈልግም፤ ብዙዎቹ የሚያነሱበት አሠራር አላቸው።

ደረጃ 9፦ ገንዘብና ቪዛ

ሙሉ ስኮላርሺፕ ያላችሁ የሽልማት ደብዳቤው ይበቃችኋል። በራሳችሁ ለምትከፍሉ ግን ቁጥሩ ይህን ይመስላል። ጀርመን በዝግ ሒሳብ (በየወሩ የተወሰነው ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) ለዓመት 11,904 ዩሮ ትፈልጋለች። ካናዳ ከትምህርት ክፍያው ውጭ ከ2025 እ.ኤ.አ. መስከረም ጀምሮ 22,895 የካናዳ ዶላር ትጠይቃለች። እንግሊዝ ገንዘቡ ሒሳባችሁ ላይ 28 ተከታታይ ቀን እንዲቆይ ትጠይቃለች፤ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም አዲስ አበባ ባለው የአይ.ኦ.ኤም. (የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት) ክሊኒክ ማድረግ አለባችሁ።

እቁብ ወጣልኝ ብሎ ብሩን በአንድ ቀን ሒሳብ ላይ መጣል ቪዛ ያስከለክላል። ምንጩን የሚያሳይ ወረቀት ይኑር፦ የሽያጭ ውል፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ የስፖንሰሩ ደብዳቤ ከዝምድናው ማስረጃ ጋር።

ቃለ መጠይቅ ካለ የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው። ለምን ይህ ትምህርት፣ ማን ይከፍላል፣ ከዚያስ? በአጭሩ መልሱ። ከተከለከላችሁ የክልከላውን ምክንያት በጽሑፍ ያዙና እሱን ብቻ አስተካክላችሁ ድጋሚ ግቡ። ምንም ሳይለወጥ ወዲያው ተመልሶ ማመልከት ክፍያ ማባከን ነው።

ደረጃ 10፦ እንደደረሳችሁ ስለ ሥራ አስቡ

የተፈቀደላችሁን ሰዓት አትለፉ። ጀርመን በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ነው። እንግሊዝ በትምህርት ወቅት ለዲግሪ ተማሪ በሳምንት 20 ሰዓት፤ ካናዳ ከካምፓስ ውጭ 24። አሜሪካ የመጀመሪያውን ዓመት ካምፓስ ውስጥ ብቻ፣ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት።

ማስጠንቀቂያ፦ እንግሊዝ ያላችሁ የምግብ ዴሊቨሪ አትሥሩ። በተማሪ ቪዛ የራስ ሥራ ክልክል ነው፤ በመተግበሪያ የሚሠራው ዴሊቨሪ ደግሞ የራስ ሥራ ነው። ጓደኛዬ ይሠራል ማለት ለእናንተ ፈቃድ አይሆንም።

የምትለቅሙት ሥራ ከሙያችሁ ቢገናኝ ደመወዙ ቢያንስም ያዙት። ላብራቶሪ፣ የምርምር ረዳትነት፣ ጀርመን ከሆነ የቨርክሽቱደንት ሥራ፣ ማለትም ተማሪ ሆኖ በሙያ በትርፍ ሰዓት መቀጠር። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ከኩባንያ ጋር መሥራት የሚቻል ከሆነ በሁለተኛው ሴሚስተር ጠይቁ። ጀርመንኛ ደግሞ ከዚህ ጀምሩ፤ አዲስ አበባ ጎተ ኢንስቲትዩት አለ። ክፍሉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም መሥሪያ ቤቱ በጀርመንኛ ነው።

ደረጃ 11፦ ከምርቃት በኋላ ያለው ቀን

እዚህ ላይ አንድ ቀን ማለፍ ዓመታት ያስከፍላል።

ጀርመን ሥራ መፈለጊያ 18 ወር ይሰጣል። ካናዳ ፕሮግራማችሁ ብቁ ከሆነ እስከ ሦስት ዓመት የሚደርስ ፈቃድ ትሰጣለች፤ ማጠናቀቃችሁ ከተረጋገጠ በኋላ በ180 ቀን ውስጥ ማመልከት አለባችሁ። እንግሊዝ ለመጀመሪያና ለማስተርስ ዲግሪ ሁለት ዓመት ትሰጣለች፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚያመለክቱ ግን ወደ 18 ወር ይወርዳል። የተማሪ ቪዛችሁ ሳያልቅ፣ ከአገሩም ሳትወጡ ማመልከት አለባችሁ። ለምርቃት ደስታ ደብረ ብርሃን መጥቶ መመለስ ከማመልከቻው ውሳኔ በኋላ ይሁን።

አሜሪካ ኦፒቲ የሚባለው ፈቃድ 12 ወር ነው፤ ለሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምሕንድስናና ሒሳብ ዘርፎች 24 ወር ይጨመራል። ማመልከት የሚቻለው ትምህርቱ ከማለቁ 90 ቀን በፊት ጀምሮ እስካለቀ 60 ቀን በኋላ ነው፤ በ90ኛው ቀን አመልክቱ። ፈቃዱ ከጀመረ በኋላ ያለ ሥራ መቆየት የሚቻለው በድምሩ 90 ቀን ብቻ ነው። ሥራ ካልተገኘ ቀኑ እየተቆጠረ ቁጭ አትበሉ። በመጀመሪያው 12 ወር ከሙያችሁ ጋር የተያያዘ በሳምንት ቢያንስ 20 ሰዓት የበጎ ፈቃድ ሥራ ቆጠራውን ያቆመዋል። የሠራችሁበትን ደብዳቤ ያዙ፤ የተማሪ ቢሯችሁንም በ10 ቀን ውስጥ አሳውቁ።